ልጅ ሰው ሲጎዳ፦ ከጣቢያ እስከ ችሎት የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ላይ ወሬ ባጃጅ ይቀድማል። ማታ አቶቴ አካባቢ አንድ ልጅ ጓደኛውን በሴንጢ ወግቶ ከሆነ፣ ጠዋት መናኸሪያ ቁጭ ብሎ ሻይ የሚጠጣው ሰው ሁሉ ፍርዱን ጨርሶ ይጠብቅሃል። ግማሹ «ይሰቀል» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ልጅ ነው፣ በሽምግልና ይለቅ»። ሕጉን ያየ ግን የለም።

እኔ በጥብቅና ሥራ እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን ተከታትያለሁ። ብዙው ነገር የሚበላሸው ዳኛው ፊት አይደለም። ችሎት ሳይደረስ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት። ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። ባለጉዳዮቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ።

ልጁን በቁስሉ ልክ ማሳደግ

የሞተ ሰው ካለ፣ የ14 ዓመቱ ልጅ በአንድ ሌሊት ጎልማሳ ይሆናል። «ሰው የገደለ ምን ልጅ አለው?» ይባላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ዕድሜን የሚቆጥረው በቁስሉ ጥልቀት አይደለም። 9 ዓመት ያልሞላው በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 በላይ ሆኖ 15 ያልሞላው ይጠየቃል፣ ግን ለአዋቂ የተደነገገው መደበኛ ቅጣት አይጣልበትም። ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፣ ሞት ግን በምንም መንገድ አይፈረድበትም።

«እንግዲያው የ14 ዓመት ልጅ ገድሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው?» ብሎ የሚቆጣ አለ። አይደለም። ፍርድ ቤቱ እንደ ሁኔታው ሕክምና ሊያዝ ይችላል፣ በቁጥጥር ሥር ሆኖ እንዲማር ሊያዝ ይችላል፣ ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋምም ሊልከው ይችላል። ወንጀሉ አዋቂን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ ደግሞ፣ ዓመታት የሚዘልቅ እስራት ጭምር አለ። «ልጅ አይታሰርም» የሚለው የሰፈር ወሬ ነው። ይህን ወሬ በደንብ የሚያውቁት፣ ቆየት ብዬ የማነሳቸው፣ ልጁን ከኋላ ሆነው የሚገፉት ትልልቆች ናቸው።

ዕድሜን በዓይን መገመት

ይሄ ስህተት ከሁሉም ይብሳል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንዲት እናት ፌስታል ይዘው መጡ። ውስጡ ሦስት ወረቀት አለ። የክርስትና ካርዱ ልጁን 14 ዓመት ከአራት ወር ያደርገዋል። የትምህርት ቤቱ መዝገብ 16 ይላል። የክትባት ካርዱ ደግሞ ውኃ ገብቶበት ወሩ እንጂ ዓመቱ አይነበብም። «እትዬ፣ ትምህርት ቤት ለምን 16 አላችሁ?» ስላቸው አንገታቸውን ደፉ። አንደኛ ክፍል ሲያስገቡት ዕድሜው አልደረሰም ተብሎ እንዳይመለስ፣ ጎረቤት መክሯቸው ሁለት ዓመት ጨምረው ነበር። ያኔ ማን ክፉ አሰበ? ልጁ አጥንተ ሰፊ ነው፤ ጢሙም ማቆጥቆጥ ጀምሯል። መርማሪው አንዴ አየውና «17» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ 17 ሆኖ ቀጠለ።

የተከሰሰው በከባድ የአካል ጉዳት ነው። አንድ አዋቂ በዚህ ወንጀል እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ለዚህ ልጅ 14 እና 16 የሁለት ዓመት ልዩነት ብቻ አይደለም። አንደኛው ቁጥር ለወጣት ጥፋተኞች ወደተቀመጠው እርምጃ ይወስደዋል፣ ሌላው ወደ መደበኛው ክስ።

ደግሞ ያስታውሱ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ችሎት ከሚቀርቡት ልጆች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ «የልደት ሰርተፊኬት አምጣ» ብሎ መዝገቡን መዝጋት ቀልድ ነው። ያለውን ሁሉ መሰብሰብ ይሻላል፦ የክርስትና ካርድ፣ እናቱ የወለደችበት ጤና ጣቢያ መዝገብ፣ የታላቅና የታናሽ ልደት። አዋላጇን የሚያስታውስ ጎረቤትም ምስክር ነው። ሐኪም በእጅ አንጓ ራጅ የአጥንትን ዕድሜ ሊገምት ይችላል። ግምት ነው ግን፤ ዓመት ሁለት ዓመት ወዲህና ወዲያ ይላል። ዕድሜው ካጠራጠረ ፍርድ ቤቱ ራሱ ባለሙያ እንዲያጣራ ማዘዝ ይችላል። ቤተሰብ ይህን መጠየቅ አለበት፤ ካልጠየቀ 17 እንዳለ ይሄዳል።

ሌላም አለ። የሚቆጠረው ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን ያለው ዕድሜ ነው፣ ችሎት የቆመበት ቀን አይደለም። ቀጠሮ ተጓቶ ልጁ ማረፊያ ቤት ሆኖ 15 ቢሞላው፣ ጥፋቱን ሲያደርስ 14 ነበረ። ይህ ግልጽ ነገር ነው። ስንት ጊዜ እንደተከራከርኩበት ግን አትጠይቁኝ።

«ልጄ፣ እውነቱን ተናገርና እንሂድ»

ወላጅ ጣቢያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚናገረው ይህንን ነው። ቅንነት ነው። ችግሩ፣ የፈራ ልጅ የሚናገረው እውነቱን ሳይሆን ከዚያ ክፍል የሚያስወጣውን ነገር ነው። «አንተ ነህ የወጋኸው?» አዎ። «አስበህበት ነው?» አዎ። «ቂም ነበራችሁ?» አዎ። ልጁ «አስቦ መውጋት» ክሱን ምን ያህል እንደሚያከብደው ከየት ያውቃል? ሦስት አዎ፣ አንድ ፊርማ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው፣ በግዳጅ የተሰጠ ቃልም ማስረጃ እንደማይሆን ይናገራል። ልጅም የተያዘ ሰው ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በዕድሜ ትንሽ የሆነውን ተጠርጣሪ ፖሊስ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲያቀርበው ያዛል። ጉዳዩ በቀጠሮ ካደረ ልጁ ለወላጅ፣ ለአሳዳጊ ወይም ለዘመድ ይሰጣል፤ የተረከበው ሰው በቀጠሮው ቀን ያቀርበዋል። ወላጅ ከሌለ ወይም ክሱ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ ጠበቃ ሊቆምለት ይገባል። ሕጉ በዕድሜ ከብዙዎቻችን አባቶች ይበልጣል፤ ግን ልጁን ሲይዝ ያላነበበው ይበዛል።

አንዳንዴ ደግሞ «አልረከብም» የሚለው ራሱ አባትየው ነው። «አዋርዶኛል፣ መንግሥት ያሳድገው» ይላል። እልህ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ይበርዳል። በነዚያ ሦስት ቀናት ልጁ ከማን ጋር እንደሚያድር ግን ማንም አያስብም።

ከአዋቂ ጋር ማሳደር

«ክፍል የለንም» የሚባለው መልስ ሁሌ ዝግጁ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ በማረሚያና በማቋቋሚያ ተቋም ያሉ ወጣት ጥፋተኞች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል፤ የወንጀል ሕጉም ከ15 በታች ያለውን ከአዋቂ ጥፋተኛ ጋር ማቆየት ይከለክላል። ክፍል ከሌለ መፍትሔው ለወላጅ መስጠት ነው። አንድ ሳምንት ከአዋቂ ጋር ያደረ ልጅ ሲወጣ አነጋገሩ ተቀይሮ አይቻለሁ። ከዚያ በፊት «አጎቴ» ይለኝ ነበር፣ ከዚያ በኋላ «ወንድሜ፣ ነገሩን ጨርስልኝ» አለኝ።

ሴንጢው የማን እንደሆነ አለመጠየቅ

ከላይ ያነሳኋቸው ትልልቆች እዚህ ላይ ይመጣሉ። «አንተ ያዝልን፣ አንተን ማንም አያስርህም» ይላሉ። ልጁ ይይዛል፣ ይመታል፣ ይያዛል። መዝገቡ ላይ ያለው ስም የሱ ብቻ ነው። ቀስቃሹ ማታ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላ ያወራል። ማነሳሳት ራሱ ወንጀል ነው። ልጁ ብቻውን ስለቀረበ ነገሩ ከልጁ ጀምሮ በልጁ አለቀ ማለት አይደለም።

ፎቶውን መለጠፍ

አጭር ነው፦ አትለጥፉ። የልጆች ጉዳይ በዝግ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። ምስክርና ባለሙያ፣ ወላጅና አሳዳጊ ካልሆነ በቀር ሰው አይገባም። ዳኛው በሩን ዘግቶ የሚሰማውን ቲክቶክ ላይ ለአሥር ሺህ ሰው መዘርጋት ምን ይባላል? ደግሞ የሌላ ልጅ ፎቶ በስህተት ሲለጠፍ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፣ አንዱ የተጠርጣሪው ሞክሼ ነበር።

«በሽምግልና ጨርሰነዋል»

ሽምግልናን አልቃወምም። የደም ነገር ካልደረቀ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ሰፈር አይኖርም። እዚህ ሲዳማ ውስጥ አፊኒ የሚባለው ሥርዓት አለ። «ሰምታችኋል ወይ?» ማለት ነው። ነገሩ በሽማግሌዎች ፊት ይነገራል፣ ይመረመራል፣ እውነቱ ይፈለጋል። ሐላሌ ይሉታል እውነትን።

እኔ የምቃወመው በሽምግልና ስም የሚደረገውን ነው። ሁለት አጎቶች ካፌ ይገናኛሉ፣ የሕክምና ወጪ ይቆጠራል፣ ምስክር «አላየሁም» እንዲል ይነገረዋል። የወጋው ልጅ እዚያ የለም። ምን እንዳደረገ አንድም ሰው አልጠየቀውም። የተማረው ነገር ቢኖር አንድ የሆድ ቁስል ስንት ብር እንደሚያወጣ ነው። እርቁ ይሁን፣ ካሳውም ይከፈል፤ ወላጅ ለልጁ ጥፋት በካሳ እንደሚጠየቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ያውቃል። የወንጀሉ መዝገብ ግን ለብቻው መንገዱን ይሄዳል። እርቁ ለዳኛው ሲነገር ቅጣት ሊያቀልል ይችላል። ተደብቆ ምስክር ሲባበልበት ግን አጎትየውም ሊከሰስ ይችላል።

የተጎዳውን ልጅ መርሳት

ይህን የምጽፈው ራሴን ጨምሬ ነው። ለተከሳሹ ስንሯሯጥ፣ የተወጋውም ብዙ ጊዜ ልጅ መሆኑን እንረሳለን። ለሱ ጠበቃ የሚያቆምለት የለም፤ ዐቃቤ ሕጉም የሚፈልገው ለምስክርነት ነው።

አንድ ቀን ችሎት ውጭ ኮሪደር ላይ የተወጋው ልጅ እናት ጠሩኝ። የምከራከረው ለወጋው ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ጋሼ፣» አሉኝ፣ «ያ ልጅ ሲለቀቅ እዚያው ክፍል ነው የሚመለሰው? የኔው አጠገብ?»

መዝገቡ ሠላሳ ገጽ ነበር። የሐኪም ማስረጃ አለ፣ የሴንጢው ፎቶ አለ፣ ዕድሜውን የተከራከርንበት ወረቀት ሁሉ አለ። ለእሳቸው ጥያቄ የሚሆን አንድ መስመር አልነበረም። በማግሥቱ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፍን። መልሱ የመጣው ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ነው፤ ሴክሽን ቀየሩት።