የኋላ መስመር ሲፈርስ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ጎል ሲቆጠርብን ጣታችንን የምንቀስረው መጨረሻ ላይ በታለፈው ልጅ ላይ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ የመሃል ተከላካይ ነበረኝ፤ በሦስት ጨዋታ አራት ጎል በእሱ በኩል ገባ ብዬ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። እሱን የተካው ልጅም በዚያው በኩል፣ በዚያው ዓይነት ኳስ ተቆጠረበት። ግራ ሲገባኝ ቀጣዩን ጨዋታ ከፍ ካለ ቦታ በስልክ አስቀረጽኩና ማታ ቁጭ ብዬ አየሁት። ኳሱን የሚሰነጥቀው የተጋጣሚ አማካይ በየጊዜው ቀና ብሎ፣ አይቶ፣ መርጦ ያቀብላል። የሚጠጋው ሰው የለም። ሁለቱ አጥቂዎቼ ወገባቸውን ይዘው ይመለከቱታል። ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት።

ከዚያ ወዲህ ጎል ሲገባብኝ ምርመራዬን የምጀምረው ከጎሉ ሁለት ቅብብል ወደ ኋላ ተመልሼ ነው። ከታች ያለው በ4-4-2 (አራት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ ሁለት አጥቂ) ለሚከላከል ቡድን የተጻፈ ነው። 4-2-3-1 የምትጠቀሙም ኳስ ስትነጠቁ ቅርጻችሁ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ምልክት፦ ኳስ ከተከላካዮች ጀርባ ይጣላል

ረጅም ኳስ በአናት ያልፋል፣ አጥቂው ይፈተለካል፣ ተከላካዩ የማሊያውን ቁጥር እያነበበ ከኋላ ያሳድዳል። ብዙ አሰልጣኝ እዚህ ላይ "ፈጣን ተከላካይ የለኝም" ብሎ ይደመድማል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ማን ቀድሞ መሮጥ እንደጀመረ ነው።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። የተከላካዮቹ መስመር ወደ ፊት ወጥቷል፣ ኳስ የያዘው ተጋጣሚ ግን ጫና የለበትም። ሁለቱ አብረው ሊሆኑ አይችሉም። ጫና ካለ መስመሩ ይወጣል፣ ከሌለ ይወርዳል። ይህን በቃል ብቻ ብትነግሯቸው ሜዳ ላይ ይጠፋባቸዋል፤ በዓይን የሚያዩት ነገር ስጧቸው። ኳስ የያዘው ሰው ቀና ካለ፣ ፊቱ ወደ እኛ ጎል ከሆነና ኳሷን ከእግሩ ትንሽ ከገፋት ሊመታ ነው፤ አራቱም ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላ። ጀርባውን ከሰጠ፣ ካቀረቀረ ወይም ኳሷን ወደ ኋላ ካቀበለ አራቱም ወደ ፊት።

ልምምዱ ቀላል ነው። አራቱን ተከላካዮች ከግብ ጠባቂው ፊት አሰልፉ፣ ሁለት አጥቂ በመካከላቸው አቁሙ፣ እናንተ 30 ሜትር ርቃችሁ ኳስ ያዙ። ኳሷን ወደ ፊት ገፍታችሁ እግራችሁን ለምት ስታነሱ መስመሩ መውረድ አለበት፤ በጫማችሁ ሥር ወደ ራሳችሁ ስትስቧት መውጣት አለበት። አሥር ጊዜ አስመስላችሁ አንዴ የእውነት ምቱ።

እዚህ ላይ ኳሷን ትታችሁ የተከላካዮቹን እግር ተመልከቱ። ሁለት እግሩን ጎን ለጎን አድርጎ ደረቱን ለኳሷ የሰጠ ልጅ ለመዞር ብቻ አንድ እርምጃ ያባክናል፣ አጥቂው በዚያች እርምጃ ጥሎት ይሄዳል። አንድ እግር ወደ ኋላ፣ ጉልበት ትንሽ በርከክ፣ ሰውነት በጎን ሆኖ አንደኛው ትከሻ ወደ ራሱ ጎል መዞር አለበት። እኔ ልምምዱን አቁሜ የእያንዳንዱን ትከሻ በእጄ አስተካክላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ራሳቸው ይታረማሉ።

ግብ ጠባቂውንም አትርሱት። መስመሩ ከጎሉ 35 ሜትር ርቆ እሱ የጎሉ መስመር ላይ ከተተከለ በመካከል ያለው ሜዳ የማንም አይደለም። ተከላካዮቹ ሲወጡ እሱም ወደ ሳጥኑ ጫፍ፣ ማለትም ወደ 16.5 ሜትሩ መስመር ይጠጋ።

ምልክት፦ ተጋጣሚ በአማካዮቹና በተከላካዮቹ መካከል ኳስ ተቀብሎ ይዞራል

ይህን በጆሮም ማወቅ ይቻላል። ተከላካዮቻችሁ "ያዘው! ያዘው!" እየተባባሉ ሲጮሁ ከሰማችሁ ማንም አልያዘውም።

ክፍተቱን የሚፈጥረው ብዙ ጊዜ የአጥቂዎቹ ትጋት ነው፤ የሚገርመውም ይህ ነው። አጥቂው ኳስ ሊቀማ ብቻውን ይሮጣል፣ አማካዮቹ ላለመለየት ይከተሉታል፣ ተከላካዮቹ ደግሞ ጀርባቸውን ፈርተው ባሉበት ይቀራሉ። ሁሉም የመሰለውን ጥሩ ነገር አድርጓል፣ በመካከል ግን ሃያ ሜትር ተከፍቷል።

በመስመሮቹ መካከል ከ10 እስከ 12 ሜትር ቢኖር በቂ ነው። በ1989 እና በ1990 ከሚላን ጋር የአውሮፓ ዋንጫን ያነሳው አሰልጣኝ አሪጎ ሳኪ ከመጨረሻው ተከላካይ እስከ ፊተኛው አጥቂ 25 ሜትር ገደማ እንዲሆን ይፈልግ ነበር። ባሬሲና ማልዲኒን የመሰሉ ተከላካዮችን ይዞም ያለ ተጋጣሚ፣ አንዳንዴም ያለ ኳስ፣ አብረው መንቀሳቀስን ደጋግሞ ያስተምር ነበር። ለእኛ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላገኘሁም።

አሥር ተጫዋች በቦታው ይቁም፣ ተጋጣሚ አይኑር። በሜዳው ግራ፣ ቀኝ፣ መሃልና ሩቅ አራት የተለያየ ቀለም ያላቸው ኮኖች አስቀምጡ። ቀለም ስትጠሩ ኳሱ እዚያ ነው፤ የቅርቡ ሰው ይወጣል፣ ሌላው ሁሉ ወደዚያ ይንሸራተታል። በድንገት ፊሽካ ንፉና ሁሉም ባለበት ይድረቅ። ከመሃል ተከላካዩ እስከ ፊቱ ያለው አማካይ ድረስ በእርምጃ እየቆጠራችሁ ሂዱ። ከ15 እርምጃ ካለፈ ማን እንደቀረ ራሳቸው ይናገሩ። ይሰለቻቸዋል፣ ያጉረመርማሉም፤ እውነታቸውን ነው፣ አሰልቺ ነው። ስለዚህ ከ12 ደቂቃ አታስበልጡት፣ ወዲያው ኳስ ስጧቸው።

ሁሉ ተስተካክሎም አንዳንዴ ሰው መቀበሉ አይቀርም። ያኔ የመሃል ተከላካዩ ይውጣ ወይስ ይቁም? የእኔ ሕግ እንዲህ ነው፦ ኳሷ መንገድ ላይ እያለች ጀርባው ላይ መድረስ ከቻልክ ውጣ፤ ከተቀበለና ከዞረ በኋላ ከሆነ ቁም፣ አጥብበህ ጠብቅ። የወጣው ልጅ ኳስ መንጠቅ የለበትም፤ ተጋጣሚው ወደ ኋላ እንዲመልሳት ካስገደደ ሥራውን ጨርሷል። ሦስቱ የቀሩት ወዲያው ተጠጋግተው የእሱን ቦታ ይዝጉ። ሸርተቴ የሚወድ ልጅ ካላችሁ እዚህ ቦታ ላይ ከልክሉት።

ምልክት፦ ጎል ሁልጊዜ ከሩቁ ቋሚ በኩል ነው የሚገባብን

በመጀመሪያ ስሌቱን እንየው። ሜዳው 68 ሜትር ስፋት ካለው አራት ተከላካይ እኩል ቢካፈለው ለአንዱ 17 ሜትር ይደርሰዋል፤ በዚያ ክፍተት የትኛውም ኳስ ያልፋል። በመካከላቸው 8 ሜትር ገደማ ሲኖር ግን የሚሸፍኑት 24 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ኳሱ በአንዱ መስመር ሲሆን በሌላኛው መስመር ያለው አጥቂያቸው ነፃ መሆኑ ግድ ነው። ወላጅም ተመልካችም "ያ ልጅ ብቻውን ነው!" ብሎ ይጮሃል። ይጩህ። ኳሱ ወደ እሱ እስኪዞር አየር ላይ ይቆያል፣ በዚያ ጊዜ መስመሩ ይንሸራተታል።

ታዲያ ጎሉ ከየት መጣ? ኳሱ ሊሻማ ሲል የሩቁን የመስመር ተከላካይ ፊት እዩ። ሁለት ዓይኑ ኳሷ ላይ ከተተከለና ጀርባው ለሩቁ ሜዳ ከተሰጠ ከኋላው የሚሮጠውን ሰው አያየውም። ከሁለቱም ጋር እንዲገናኝ ሰውነቱን ይክፈት፤ ኳሷንም ሰውየውንም አንገቱን ብቻ አዙሮ ማየት አለበት። ከአሻሚው እግር ኳስ ከመነሳቷ በፊት ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ እንዲያይ አስለምዱት። ልምምድ ላይ ከኋላው ቆሜ ጣቶቼን አነሳለሁ፣ ስንት እንደሆኑ ጮክ ብሎ ይናገራል። ልጆች ይህን እንደ ጨዋታ ነው የሚያዩት፣ ልማዱ ግን ይቀራል።

ሁለተኛው መንስኤ የራሳችን የመስመር አማካይ ነው፤ ሰውዬውን ለተከላካዩ ትቶ ቆሞ ይቀራል። ኳሱ በሌላኛው መስመር ሳጥኑ አጠገብ ከደረሰ እሱ እስከ ሳጥኑ ጠርዝ መውረድ ግዴታው ነው።

ምልክት፦ የኦፍሳይድ ወጥመዱ እኛኑ ይይዘናል

ወጥመዱ ተከላካዮቹ አብረው ወደ ፊት ወጥተው አጥቂውን ኦፍሳይድ ማድረግ ነው። አንዱ እጁን አንስቶ ይቆማል፣ አንዱ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ረዳት ዳኛው ባንዲራውን አያነሳም። በግልጽ ልናገር፦ በሳምንት ሁለት ቀን የሚለማመድ ቡድን ወጥመድን እንደ መሣሪያ መጠቀም የለበትም። መስመሩ በጫናው ልክ ይውጣ ይውረድ፤ ኦፍሳይድ ከተገኘ ትርፍ ነው።

ሕጉን ግን ሁሉም ይወቀው፤ የማያውቁት ከምትገምቱት በላይ ናቸው። ከመጨረሻው ሁለተኛ ተከላካይ ጋር እኩል የሆነ አጥቂ ኦፍሳይድ አይደለም፣ ከ1990 ጀምሮ እንዲህ ነው። ከእጅ ውርወራ፣ ከማዕዘን ምትና ከግብ ምት በቀጥታ በተቀበለ ኳስ ኦፍሳይድ የለም። ግብ ጠባቂው ወጥቶ ጎሉ መስመር ላይ አንድ ተከላካይ ብቻ ከቀረ የመጨረሻው ሰው እሱ ነው፣ አጥቂው ኦፍሳይድ እንዳይሆን ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ብዙ ግራ መጋባት የሚነሳው እዚህ ነው። የሚጠራው አንድ ድምፅ ብቻ ይሁን፣ ከመሃል ተከላካዮቹ የአንደኛው። "ውጡ" ሲል ሁሉም ይወጣል፣ ስህተት ቢሆንም እንኳ። አራት ሰው አብሮ ሲሳሳት ቢያንስ መስመሩ አይሰበርም።

ምልክት፦ ከራሳችን ማዕዘን ምት በኋላ በመልሶ ማጥቃት እንቀጣለን

ይህ አጭር ነው። የኋላውን ሰው "ሁለት ይቅሩ" ብላችሁ ትታችሁታል፣ የተጋጣሚን ሰው ግን አልቆጠራችሁም። ፊት ከቀሩት አጥቂዎቻቸው አንድ ይበልጡ፤ ሁለት ካስቀሩ እናንተ ሦስት። አንድ ተጨማሪ ሰው ሳጥኑ ጫፍ ላይ ይቁምና የተመለሰውን ኳስ ይጠብቅ።

ምልክት፦ እየመራን መጨረሻ ላይ ይገባብናል

ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ መስመሩ ማንም ሳያዘው ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ሳጥን ውስጥ ዘጠኝ ሰው ይከማቻል። ኳስ ያርቃሉ፣ ኳሷ ወዲያው ትመለሳለች። ብዙዎቻችን ያኔ አንድ ተከላካይ ጨምረን እናስገባለን። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ፤ ሁለቴም ነጥብ ጥያለሁ።

ኳሷ የምትመለሰው ፊት የሚይዛት ስለሌለ ነው፤ የደከሙትም አጥቂዎቹ ናቸው። መጀመሪያ የሚቀየሩት እነሱ ይሁኑ፣ አንደኛው ኳስ በጀርባው ከልሎ መያዝ የሚችል ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ አንድ ትእዛዝ ይበቃል፦ ኳስ ከሳጥን በወጣች ቁጥር፣ ኳሷ አየር ላይ እያለች፣ መስመሩ እስከ 16.5 ሜትሩ ይሩጥ። በልምምድ መጨረሻ ላይ፣ ሲደክማቸው፣ ይህንኑ አሠሯቸው፤ አሻሙባቸው፣ ያርቁ፣ "ውጡ!" በሉ። ኳሷ መሬት ከመንካቷ በፊት አራቱም መስመሩ ላይ ካልደረሱ ድገሙት።