ከሻንሲው ያልተስማማ መጽሐፍ፦ በኤም ጂ ቢ እድሳት የሚደጋገሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ኤም ጂ ቢ የተባለው የስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ሲመረት መልኩ ብዙም ሳይለወጥ ውስጡ ደጋግሞ ተለውጧል። ለእድሳቱ ሦስት መጻሕፍት የግድ ያስፈልጋሉ፤ እነሱም የፋብሪካው የጥገና መመሪያ፣ የመለዋወጫ ካታሎግ እና ስለ ቦዲ ሥራ ብቻ የተጻፈ የእድሳት መጽሐፍ ናቸው። በእጄ ያለፉት ብልሽቶች አብዛኞቹ የመጡት ከሦስቱ አንዱ ስለጎደለ ወይም የሌላ ዘመን እትም ስለተገዛ ነው።

ምልክት፦ ባትሪው እንደታሰረ አልተርኔተሩ (ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው ጀነሬተር) ይጨሳል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጅ አያደርግም።

መንስኤ፦ ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። እስከ 1967 መገባደጃ የተሠሩት መኪኖች ዲናሞ (የቀድሞው ዓይነት ጀነሬተር) ያላቸው ሲሆኑ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ማርክ ቱ የተባለው ሞዴል ግን አልተርኔተር ተገጥሞለት ማሳው (ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ጫፍ) ወደ ኔጋቲቭ ዞሯል። የቀድሞውን መመሪያ ይዞ ማርክ ቱ ላይ ባትሪ የሚያስር ሰው፣ ገጹን አንድ ቃል ሳይስት ቢከተልም፣ የአልተርኔተሩን ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ክፍሎች) በቅጽበት ያቃጥላል።

አንድ ባለቤት ሁለት ዓመት የለፋበትን መኪና ሊያስነሳ የመጨረሻውን ገመድ ባትሪው ላይ ሲያሳርፍ ትልቅ ፍንጣሪ ወጣ፤ ወዲያው የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ጋራዡን ሞላው። መመሪያውን ስገልጥ መግቢያው ላይ ለጂ ኤች ኤን 3 ሻንሲ (ከማርክ ቱ በፊት ለነበረው) የተዘጋጀ መሆኑ ተጽፏል፤ የመኪናው ሰሌዳ ግን ጂ ኤች ኤን 4 (ማርክ ቱ) ይላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ መጽሐፉና ሻንሲው ተስማምተው ሳለ፣ የቀድሞው ባለቤት ዲናሞውን በአልተርኔተር ለውጦ ማሳውን ወደ ኔጋቲቭ ስላዞረው፣ ትክክለኛውን መጽሐፍ ያመነው ሰው ተመሳሳይ ጉዳት ደረሰበት። እንዲህ ያለ ለውጥ አድርጎ አንዲት ማስታወሻ እንኳ ሳይለጥፉ መኪና መሸጥ በእኔ አስተያየት ይቅር የማይባል ግዴለሽነት ነው።

መፍትሄ፦ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሰሌዳው ላይ ጻፉና መግቢያው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ቀጥሎ መኪናውን ራሱን መርምሩ፤ የተገጠመው ዲናሞ ነው ወይስ አልተርኔተር? እስከ 1974 ድረስ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ስለሚገናኙ፣ ወደ ቦዲው የሚሄደው ጫፍ የትኛው እንደሆነ በዓይን ግምት መለየት ያሳስታል። ስለዚህ በመለኪያ አረጋግጡ፤ የባትሪውን ገመድ ቀለም ፈጽሞ አትመኑ። በመጨረሻ ቁልፉ፣ መብራቶቹና በሮቹ ተዘግተው ሳለ በባትሪውና በገመዱ መካከል ባለ 12 ቮልት 21 ዋት አምፖል አገናኙ። አምፖሉ ደምቆ ከበራ ገመዱ ተገላብጧል ወይም የሆነ ቦታ ሾርት አለ፤ ምክንያቱ ሳይገኝ ገመዱን በቀጥታ እንዳታስሩ።

ምልክት፦ አዲስ የተገጠመው የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጉርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ውኃ ያልባል።

መንስኤውና መፍትሄው፦ የፋብሪካው መመሪያ ለቴስታታው ዳዶዎች የማጥበቂያ ኃይል 50 ፓውንድ ጫማ ይላል፤ ይህም ወደ 68 ኒውተን ሜትር ነው። 50 የሚለውን ቁጥር ብቻ ገልብጦ በኒውተን ሜትር የሚያጠብቅ ሰው ከሚያስፈልገው ሩብ ያህል አጉድሏል። ቁጥር ስትገለብጡ መለኪያውንም አብራችሁ ጻፉ።

ምልክት፦ የታዘዘው የኮሎ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ብሮንዚን፣ ማለትም ዘንጉ የሚያርፍበት ኩሽኔታ፣ አይገጥምም። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ኮሎ በሦስት ቦታ ብቻ ይደገፋል፤ ከ1964 መገባደጃ ጀምሮ ግን በአምስት ሆኗል። በካታሎጉ መሠረት በሞተር ቁጥር እዘዙ፤ “ለኤም ጂ ቢ ይሆናል” ብቻ ከሚል ሻጭ አትግዙ።

ምልክት፦ የሽቦ ንድፉ ኮፒ ደብዝዞ አይነበብም። መስመሮቹን በሽቦዎቹ የፋብሪካ ቀለም ለዩ፦ ቡናማው በፊውዝ ያላለፈ የባትሪ መስመር፣ ነጩ በቁልፍ የሚመጣ፣ አረንጓዴው በቁልፍ መጥቶ በፊውዝ ያለፈ፣ ጥቁሩ ማሳ ነው።

ምልክት፦ ከበሩ ሥር ያለው የዛገ የጎን ላሜራ ከተለወጠ በኋላ በሩ አይዘጋም።

መንስኤ፦ የጥገና መመሪያው ስለ ሞተርና ማርሽ እንጂ ስለ ብየዳ ብዙ አይነግርም። ጣሪያ በሌለው መኪና ወገቡን የሚይዘው ይኸው ላሜራ ስለሆነ፣ ሲቆረጥ መሐሉ ይሰምጥና የበሩ ክፍተት ከላይ ይጠባል።

መፍትሄ፦ ከመቁረጣችሁ በፊት በበሩ ክፍት ቦታ ላይ ብረት አጋድማችሁ በይዱ፤ መኪናውንም ከፊትና ከኋላ አስደግፉ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ሥሩ፤ አዲሱ ላሜራ በነጥብ እንደተያዘም ሙሉውን ከመበየዳችሁ በፊት በሩን ገጥማችሁ ክፍተቱን ለኩ። አስቀድሞ የሰመጠ ከሆነ ብየዳውን ፈትቶ፣ ወገቡን በክሪክ ቀስ ብሎ አንስቶ እንደገና ከመጀመር ሌላ መንገድ የለም።