ሳንባን ከአስቤስቶስ፣ ከመስታወት ሱፍና ከሰው ሠራሽ ክሮች እንዴት መጠበቅ ይቻላል

የመስታወት ሱፍ (ከመስታወት የተፈተለ የግድግዳና የጣሪያ ሙቀት መከላከያ) የነካ ሰው ክንዱንና አንገቱን ሲያክ ያመሻል። አስቤስቶስ (ለጣሪያና ለቧንቧ መጠቅለያ ሲውል የኖረ ክር ክር የሆነ ማዕድን) ሲቆርጥ የዋለ ሰው ግን ምንም አይሰማውም። አያሳክክም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚጠነቀቀው ከሚያሳክከው ነው። ሳንባ ገብቶ ዓመታት የሚቀመጠው ግን ብዙውን ጊዜ የማይታየውና የማይሰማው ነው። ስለዚህ ማስክ ከመግዛትዎ በፊት ጠላትን መለየት ይቀድማል።

1. የትኛው ክር እንደሚያሰጋ ይወቁ

ሦስት ነገር ይጠይቁ። ቀጭን ነው? ረጅም ነው? ሳንባ ውስጥ ሳይሟሟ ይቆያል?

ወፍራም ክር አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይያዛል፤ ከአክታ ጋር ይወጣል። ከ3 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) የቀጠነው ግን ከትንፋሽ ጋር አብሮ እስከ አየር ከረጢቶቹ ድረስ ይወርዳል። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ካሰቡ፣ ይህ ክር ለምን በዓይን እንደማይታይ ይገባዎታል። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያም ከዚሁ የተነሳ ነው፦ ርዝመቱ ከ5 ማይክሮን የበለጠ፣ ውፍረቱ ከ3 ያነሰ፣ ርዝመቱ የውፍረቱን ቢያንስ ሦስት እጥፍ የሆነ ክር ይቆጠራል።

ታች ሲደርስ ማክሮፋጅ የሚባሉ የጽዳት ሴሎች ይጠብቁታል። ሥራቸው ባዕድ ነገርን ውጦ ማስወገድ ነው። አጭር ከሆነ ይውጡታል። ወደ 20 ማይክሮን ከዘለቀ ግን በር ላይ አግድም እንደተሰነቀረ አጣና ይሆንባቸዋል። ሴሉ በከፊል ይውጠውና መጨረስ ያቅተዋል። በዚያው ይሞታል፤ በውስጡ የያዘውን ኬሚካል አካባቢው ላይ ያፈሳል። ሌላው ይመጣል፣ እሱም እንደዚያው። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ሳንባው ይቆጣል፣ ይጠባሰሳል፣ መለጠጥ ያቅተዋል። በአስቤስቶስ ምክንያት የሚመጣው ጠባሳ አስቤስቶሲስ ይባላል። የሳንባ ካንሰርና ሳንባን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ካንሰር፣ ማለትም ሜሶቴሊዮማ፣ ከዚህ ጋር አብረው የሚነሱ ናቸው።

ልዩነት የሚፈጥረው እንግዲህ ክሩ ሳንባ ውስጥ የሚቆይበት ዕድሜ ነው። አብዛኛው የዛሬ የመስታወት ሱፍ በሳንባ ፈሳሽ ውስጥ በቀናትና በሳምንታት ይሟሟል፣ ይሰባበራል። ሰማያዊና ቡናማ የሚባሉት የአስቤስቶስ ዓይነቶች ግን አሥርተ ዓመታት ይቀመጣሉ። ነጩ ቶሎ ይሰባበራል፤ ይህ ማለት ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ኤጀንሲ ስድስቱንም የአስቤስቶስ ዓይነቶች ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧቸዋል። ለግንባታ የሚውለውን የመስታወት፣ የድንጋይና የብረት አመድ ሱፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ባደረገው ግምገማ ከተጠርጣሪዎቹ ምድብ አውጥቶ «ለመመደብ በቂ ማስረጃ የለም» ከሚለው ጋር አስቀመጠ። ለእቶንና ለምድጃ ሽፋን የሚውለው የሴራሚክ ፋይበር ግን አሁንም ተጠርጣሪ ነው።

የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም የሚሉ ሰዎች ይገጥሙዎታል። በቱርክ ቀጰዶቅያ ኤሪዮናይት የሚባል ማዕድን ያለበት ድንጋይ ላይ የተሠሩ መንደሮች አሉ። ማንም ፋብሪካ ሳይገባ ነዋሪዎቹ በሜሶቴሊዮማ አለቁ።

ሰው ሠራሹም ቢሆን ከመጠን ሲያልፍ አይምርም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ከፋይ መሳይ ጨርቅ ለመሥራት ናይለን በጣም አሳጥረው የሚቆርጡ ሠራተኞች ሳል ያዛቸው፤ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ያ የተቆራረጠ ክር ፍሎክ ይባላልና፣ ሐኪሞች በሽታውን የፍሎክ ሠራተኞች ሳንባ ብለው ሰየሙት። ቤት ውስጥ ከልብስና ከምንጣፍ የሚረግፈው ክር መጠኑ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። መስኮት መክፈትና አቧራን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይቀንሰዋል።

2. ከመንካትዎ በፊት ዕድሜውን ይጠይቁ

አስቤስቶስ በዓይን አይለይም። ናሙናው ላቦራቶሪ ሄዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቤቱ መቼ እንደተሠራ ማወቅ ግን ይረዳል። የአውሮፓ ኅብረት ሙሉ በሙሉ የከለከለው በ2005፣ ደቡብ አፍሪካ በ2008 ነው፤ አሜሪካ ነጩን አስቤስቶስ የከለከለችው ገና በ2024 (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ከዚያ በፊት የተሠራ ሞገዳማ የሲሚንቶ ጣሪያ፣ የውሃ ቱቦ፣ የኮርኒስ ሰሌዳ፣ የወለል ንጣፍ፣ የቧንቧ መጠቅለያ፣ የፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን ሁሉ ይጠረጠራል። ካላወቁ አስቤስቶስ ነው ብለው ይያዙት።

ያልተሰነጠቀ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ሰሌዳ እንዲሁ ተሰቅሎ ሲቀመጥ ክር አያበንም ማለት ይቻላል። የሚያበነው ሲቦረቦር፣ ሲቆረጥ፣ ሲፋቅ ነው። ስለዚህ ደህና ከሆነ ይተዉት። በጣት ሲነካ የሚፈረፈር የቧንቧ መጠቅለያ ወይም ግድግዳ ላይ የተረጨ ሽፋን ካለ ግን ራስዎ አይግቡበት። በሩን ዘግተው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይጥሩ። ከዚህ በታች ያለው ለመስታወት ሱፍና ለመሳሰሉት፣ እንዲሁም ሳይታሰብ ለሚገጥሙ ትናንሽ ነገሮች ነው።

3. ማስኩን በትክክል ያድርጉ

የሐኪም ቤት ስስ ማስክ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በጉንጭዎ በኩል የሚገባውን አየር አያጣራውም። ለመስታወት ሱፍ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚባለው የአቧራ ማስክ ይበቃል። ለአስቤስቶስ ኤን95 አይበቃም፤ ከእነዚህ የበለጠ የሚያጣራ፣ ኤፍኤፍፒ3 ወይም ፒ100 ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል።

ጥሩ ማስክ ገዝቶ አለአግባብ ማድረግ ግን ገንዘብ መጣል ነው። ሁለቱን ማሰሪያዎች ይጠቀሙ። አንዱ ከጆሮ በላይ በአናት በኩል፣ ሌላው ከጆሮ በታች በማጅራት በኩል ይሂድ። ብዙ ሰው የታችኛውን አገጩ ሥር አንጠልጥሎ ሲሠራ ይታያል፤ ያ ማስክ ጌጥ ነው። የአፍንጫውን ብረት በሁለት እጅዎ ጣቶች ጫን ጫን እያደረጉ ከአፍንጫዎ ቅርጽ ጋር ያስተካክሉ። ከዚያ ማስኩን በመዳፍዎ ሸፍነው ጠንከር አድርገው ይተንፍሱ። ዓይንዎ አካባቢ ንፋስ ከተሰማዎት ይፈታ፣ እንደገና ይታሰር። ጺም ካለዎት ደግሞ ክፍተቱ በጭራሽ አይዘጋም። ወይ ጺሙ ይላጭ፣ ወይ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጥ።

እጅጌው ረጅም ቱታ፣ ጓንትና መነጽር ይጨምሩ። ማራገቢያውን ያጥፉ፤ ዕቃውን በላስቲክ ይሸፍኑ።

4. ያርጥቡ፣ ቀስ ይበሉ

እርጥብ ክር አይበንም። የዚህ ሁሉ ምክር ግማሹ እሱ ነው። ውሃው ላይ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ያድርጉበት፤ እንዳይንሸራተት ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ያግዘዋል። በመርጫ ጠርሙስ ስስ አድርገው ይርጩ። በጎማ በኃይል ከለቀቁበት ያረጥቡታል ሳይሆን ይበትኑታል።

የመስታወት ሱፍ ሲቆርጡ በጣውላ ጫን አድርገው በስል ቢላ ይቁረጡ። አይቅደዱት፣ ግራይንደርም አያስነኩት። መኪና የሚጠግኑ ከሆነ ይህን ልብ ይበሉ፦ ጎማውን ፈትቶ፣ የፍሬኑን ከበሮ በመዶሻ ነካ ነካ አድርጎ፣ በኮምፕሬሰር ፉት ማድረግ የተለመደ ነው። ያ ጥቁር ብናኝ ከአሮጌ ሸራ የመጣ ከሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

የእቶን ሽፋን የሚያወልቁ ሰዎች ደግሞ ሌላም ጉድ አለባቸው። የሴራሚክ ፋይበር ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ከፊሉ ክሪስቶባላይት ወደሚባል የሲሊካ ዓይነት ይለወጣል። ሲሊካ ራሱ ሳንባ ያጠባስሳል። አዲሱን ከመግጠም አሮጌውን ማውለቅ የሚብሰው ለዚህ ነው።

5. መጥረጊያ አይንኩ

ደረቅ መጥረጊያ ወለል ላይ የተኛውን እንደገና ያስነሳዋል። ተራ ቫኪዩም ክሊነርም ቀጭኑን ክር ከኋላ መልሶ ይተፋዋል። ሄፓ የሚባል፣ ቀጭን ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ከሌለዎት እርጥብ ጨርቅ ይጠቀሙ። ጨርቁን ወደ ውስጥ እያጠፉ ይጥረጉና ይጣሉት። ፍርስራሹ በጠንካራ ላስቲክ ይታሸግ፤ አስቤስቶስ ከሆነ በድርብ ላስቲክ ታሽጎ፣ ላዩ ላይ ተጽፎበት ወደተፈቀደው ቦታ ብቻ ይሂድ።

6. ቱታዎን ቤት አያስገቡ

አስቤስቶስ ፋብሪካ ገብተው የማያውቁ ሴቶች የባላቸውን የሥራ ልብስ በማጠብ ብቻ በሜሶቴሊዮማ ታመዋል። ቱታውን ሥራ ቦታ አውልቀው፣ ሳያራግፉ፣ ወደ ውስጥ ጠቅልለው ከረጢት ውስጥ ያስገቡ። ማስኩ የሚወልቀው ከሁሉም በኋላ ነው። ገላዎን በሚፈስ ውሃ ይለቃለቁ፤ የመስታወት ሱፍ ከሆነ ሳያሹ።

7. ድሮ ተንፍሰውት ከሆነ

አንድ ቀን ጣሪያ ሲነቀል አጠገብ የቆመ ሰው ይታመማል ማለት አይደለም። አደጋው ከመጠኑና ከተጋለጡበት ዘመን ጋር ይጨምራል። ክሩን ከሳንባ አጥቦ የሚያወጣ መድኃኒት የለም። ከአቧራ ሥራ በኋላ ወተት መጠጣትም አያወጣውም፤ ወተት የሚሄደው ወደ ጨጓራ ነው።

በሽታው ቶሎ አይመጣም። ሜሶቴሊዮማ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1960 ከደቡብ አፍሪካ የወጣው ታዋቂ ጥናት በዚህ ካንሰር ስለታመሙ 33 ሰዎች የሚናገር ነው። ከመካከላቸው ማዕድን ቆፍረው የማያውቁ፣ በልጅነታቸው ብቻ በሰማያዊ አስቤስቶስ ማዕድን አካባቢ የኖሩ ነበሩ። ስለዚህ በተጋለጡ ማግስት የሚነሱት ራጅ ንጹሕ መሆኑ ብዙ አይነግርዎትም።

ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ። አስቤስቶስና ሲጋራ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰር አደጋው ከሁለቱ ድምር በላይ ይዘላል። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ ደረቅ ሳል፣ የደረት ውጋት ወይም የጣት ጫፍ ማበጥ ካዩ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ሲሄዱ ግን «ያስለኛል» ብቻ ብለው አይቀመጡ። የት፣ መቼ፣ ምን ሲሠሩ፣ ለስንት ዓመት እንደቆዩ በወረቀት ጽፈው ይያዙ። ሐኪሙ ካልተነገረው ሌላ በሽታ ሊመስለው ይችላል። የትንፋሽ መለኪያ፣ ራጅ፣ ምናልባትም ሲቲ ስካን ያዝዛል። የሁሉንም ኮፒ ተቀብለው ቤት ያስቀምጡ። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያዩት ሐኪም ለውጥ መኖሩን የሚያውቀው ከእሱ ጋር አስተያይቶ ነው።