ከድንጋያማ የባሕር ዳርቻ ዓሣ እንዴት ይጠመዳል

ዓሣ ማጥመድ የለመድኩት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው። ክር፣ መንጠቆ፣ ትል፣ በቃ። ሐይቁ ጠዋት የነበረበት ቦታ ማታም እዚያው ነው። እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ መኖር ከጀመርኩ በኋላ ያንኑ ልማድ ይዤ ሰሜን ዴቨን የሚባለው የባሕር ዳርቻ ቋጥኞች ላይ ቆምኩ። እዚያ ያለው ባሕር ግን ቦታውን ለቅቆ ይሄዳል፣ ተመልሶም ይመጣል። ከታች የጻፍኩት እዚያ የተማርኩትን ነው፤ አንዱን ትምህርት ለጥቂት ተርፌ ነው ያገኘሁት።

ስለ ፈቃድ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እንግሊዝ ውስጥ ከባሕር ዳር በዘንግ ለራስ ማዕድ ለማጥመድ ፈቃድ አያስፈልግም። የወንዝና የሐይቅ ሌላ ነው። የመጠንና የወቅት ገደብ ግን አለ። ለምሳሌ ባስ የሚባለው ዓሣ ከ42 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ወደ ውሃው ይመለሳል። ከመውጣታችሁ በፊት የዘንድሮውን ደንብ አንብቡ።

መጀመሪያ ሰዓቱን

የብሪስቶል ሰርጥ የባሕር ሙላትና ጉድለት በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ወደ ብሪስቶል ጠጋ ሲባል ልዩነቱ እስከ 14 ሜትር ይደርሳል። ወደ ሰሜን ዴቨን ወጣ ብሎ እንኳ፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ፣ ከ8 ሜትር በላይ የሚሆንበት ቀን አለ። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት በሉት።

ከጉድለት እስከ ሙላት 6 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ውሃው ግን በእኩል ፍጥነት አይወጣም። አጥማጆች እንዲህ ያሰሉታል፦ ጠቅላላውን ከፍታ ለ12 ክፈሉት። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ ይወጣል፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ በመጨረሻው አንድ። ልዩነቱ 9 ሜትር በሆነ ቀን በሦስተኛው ሰዓት ብቻ 2 ሜትር ከ25 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። በደቂቃ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። መንጠቆ አስራችሁ ትል እስክትሰኩ ቁርጭምጭሚት ያህል ከፍ ብሏል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ውሃው የሚከባችሁ ከኋላ ነው። ጥሩ የሚባለው ቦታ ብዙ ጊዜ ወደ ባሕሩ የገባ ከፍ ያለ ቋጥኝ ነው። በእሱና በመውጫችሁ መካከል ዝቅ ያለ ስንጥቅ ይኖራል። ስትመጡ ደረቅ ስለሆነ ልብ አትሉትም። እናንተ ከፍ ብላችሁ ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆማችሁ ዘንጋችሁን ስታዩ ስንጥቁ ይሞላል።

እኔ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። እንግሊዝ በበጋዋ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች። ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳዩ ሰንጠረዦች አንዳንዶቹ ይህን አይጨምሩም፤ ራሳችሁ አንድ ሰዓት መደመር አለባችሁ። እኔ ይህን ስለማውቅ ደመርኩ። የያዝኩት ሰንጠረዥ ግን አስቀድሞ ደምሮት ነበር። ውሃው የጎደለው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው፣ እኔ 8 ሰዓት ነው ብዬ ተቀመጥኩ። 9 ሰዓት ላይ “ገና አንድ ሰዓቱ ነው” እያልኩ ነበር። እውነቱ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ዞር ስል ስንጥቁ ውስጥ አረፋ ያለው ውሃ ወዲያና ወዲህ ይላል። ስሻገር ወገቤ ደረሰ፣ አንዱ ሞገድ እግሬን ከድንጋዩ አነሳው። ጣቶቼ ያዙልኝ። ዘንጌንና ባልዲዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቋጥኙ ራሱ አይታይም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ከሁለት ቦታ አያለሁ። ከጓደኛ ጋር ስትቀጣጠሩም “8 ሰዓት” የምትሉት በአበሻ ይሁን በፈረንጅ ተነጋገሩ። እዚያም እንደደረስኩ በስንጥቁ ዝቅተኛ ቦታ አንድ ድንጋይ እመርጣለሁ። ውሃው ያን ድንጋይ ሲነካው፣ ዓሣ መንጠቆ ላይ ቢሆንም እንኳ፣ እሄዳለሁ። የስልክ ማንቂያም እሞላለሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ እንዲያውም ባሕሩ ሲሞላ ጭምር ከኋላው ደረቅ የሆነ ቦታ ምረጡ፤ ዓሣ እዚያም አለ።

ከመውረዳችሁ በፊት ተቀመጡ

ከላይ ሆናችሁ 20 ደቂቃ ባሕሩን ተመልከቱ። ልትቆሙበት ያሰባችሁት ድንጋይ እርጥብ ከሆነ ሞገድ ደርሶበታል፣ ደግሞም ይደርስበታል። ነፋስ የለም ብላችሁ አትዘናጉ። ከአትላንቲክ ሩቅ የተነሳ ሞገድ ጸጥ ባለ ቀንም ይመጣል። በሞገዶቹ መካከል 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ካለ ኃይለኛ ነው። ያን ቀን ወደ ቤት ተመለሱ።

ብቻችሁን አትሂዱ። ላይፍ ጃኬት ልበሱ፤ ከዘንጉ በፊት የሚገዛው እሱ ነው። ስኒከር አረንጓዴው አረም ላይ ያንሸራትታል፣ ከሥሩ የብረት ጥርስ ያለው ጫማ ይሻላል። ሰው ከወደቀ ተከትላችሁ አትዝለሉ። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት፣ በጀርባው ተንሳፎ እንዲቆይ ጩኹለት፣ 999 ደውላችሁ ኮስትጋርድ (የባሕር ነፍስ አድን) በሉ።

እርሳሱ ድንጋይ ሲይዘው

ክሩን ወደ ታች የሚያሰምጠው የእርሳስ ክብደት ይያዛል። ከሥር ስንጥቅና ኬልፕ የሚባለው ወፍራም የባሕር አረም ነው። መፍትሔው እርሳሱን ብቻ በደካማ ክር ማሰር ነው። ዋናው ክር 9 ኪሎ የሚችል ከሆነ፣ እርሳሱን የሚይዘው አጭር ክር 3 ወይም 4 ኪሎ የሚችል ይሁን። ሲያዝ ስትጎትቱ ደካማው ይበጠሳል፣ መንጠቆውና ዓሣው ይመጣሉ። ግን በዚህ ክር በኃይል አትወርውሩ፤ አየር ላይ ከተበጠሰ እርሳሱ እንደ ጥይት ነው። ቀስ ብሎ መወርወር ይበቃል፣ ከቋጥኙ ሥር ብዙ ጊዜ ጥልቅ ነው።

በእርሳስ ፋንታ ከጋራዥ የተጣለ ካንዴላ እጠቀማለሁ። ሁለት አንድ ላይ ሲታሰር ልክ ይመጣል፣ ቢጠፋም ኪስ አይጎዳም። ውድ ዘንግም አትግዙ፣ ድንጋይ ይፍቀዋል።

ዓሣው ሲመጣ

በእንግሊዝ በጋ ላይ ለጀማሪ ቀላሉ ማከሬል የሚባለው ዓሣ ነው። ላባ የታሰረበት መንጠቆ ሦስት ብቻ አድርጉ። ስድስት ያለው ሲሸጥ አይቻለሁ፤ ስድስት ዓሣ በአንዴ ሲታገል መንጠቆው እጅ ይወጋል። ፖላክ ደግሞ ጀንበር ስትጠልቅ ወደ ቋጥኙ ይጠጋል። እንደነከሰ ቁልቁል ወደ አረሙ ይወረወራል። ያኔ ዘንጉን ቀና አድርጋችሁ ያዙ፣ ክር አትልቀቁለት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ይወስናሉ።

ለማውጣት ወደ ውሃው ጠርዝ አትውረዱ። ረጅም እጀታ ያለው መረብ ያዙ፣ ወይም ሞገዱ ዓሣውን ከፍ ሲያደርገው አብራችሁ ሳቡ። ከጠፋ ይጥፋ።

ማከሬል ቶሎ ይበላሻል። እንደያዛችሁት ገድላችሁ ደሙን አፍስሱና በረዶ ላይ አስተኙት። ቅባታም ስለሆነ ሚጥሚጣ ነስንሶ መጥበስ ይስማማዋል። የፖላክ ሥጋ ነጭና ለስላሳ ነው። እኔ ቀይ ሽንኩርቱን በደንብ አቁላልቼ፣ አዋዜ ጨምሬ፣ እንደ ሐዋሳው ጉላሽ እሠራዋለሁ። ዓሣው መጨረሻ ላይ ይግባ፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ይፈርሳል።