እስከ መጨረሻው የማትሰሙት ፖድካስት

በጣም የምትወዱትን ፖድካስት ለመኝታ ሰዓት አታድርጉት። ከዚህ ልጀምር፣ እኔ ራሴ ብዙ ሌሊት የከሰርኩት በዚሁ ነውና። ቀን ታክሲ ውስጥ የምሰማውን፣ የሚያስቀኝን፣ አንዳንዴም ብቻዬን የሚያሟግተኝን ፕሮግራም ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ከፈትኩት። ተጋባዡ አንድ ነገር ተናገረ፣ «እንዴ! እንደዚያማ አይደለም» ብዬ ተነስቼ ተቀመጥኩ፣ ጎግል አደረግኩ፣ ከጎግል ወደ ቲክቶክ ተሻገርኩ፣ ሰዓት ሳይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ጠዋት ደግሞ ሥራ አለ።

የማታ ድምፅ ሌላ ዓይነት ነው። የራሳችሁን ሐሳብ ዝም የሚያሰኝ ያህል መያዝ አለበት፣ ግን ቢያመልጣችሁ የማይቆጫችሁ መሆን አለበት። ቤቱ ጭር ሲል ጭንቅላት ሥራ ይፈልጋል፦ የቤት ኪራዩ፣ ያልመለስኩት ስልክ፣ አለቃዬ ዛሬ እንደዚያ ያየችኝ ለምንድን ነው... የሰው ድምፅ ሲኖር ይሄ ሁሉ ቦታ ያጣል። ድምፁ ከመጠን በላይ ከጣፈጠ ግን እንቅልፉም አብሮ ቦታ ያጣል።

እናቶቻችን ይሄን ያውቁት ነበር። «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» እንላለን፣ ተረቱን መቶ ጊዜ ሰምተነዋል፣ ጅቡ ምን እንደሚሆን እናውቃለን፣ ግን ያንኑ ድገሙልን ብለን እንጨቀጭቃለን። ስንቴ መጨረሻው ላይ ደረስን? እኔ እንጃ። ዋናው ነገር መጨረሻውን ማወቃችን ነበር። ቀጥሎ ምን ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይተኛም።

ስለዚህ የእኔ አንደኛ ምርጫ አዲስ ነገር አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፣ ትረካው ደግሞ ዛሬ ዩቲዩብ ላይም ቴሌግራም ላይም በብዙ ክፍል ተቆራርጦ ይገኛል። ፖድካስት ነው አይደለም ብላችሁ አትከራከሩኝ፤ በክፍል የተከፈለ፣ አንድ ሰው ጆሮ ሥር ሆኖ የሚያወራው ነገር ነው፣ ለእኔ ይበቃኛል። ወጋየሁ አይቸኩልም። ሽማግሌ ሲናገር ሽማግሌ ይሆናል፣ ሴት ስትናገር ድምፁን ለስለስ ያደርገዋል፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ደግሞ ትንሽ ትንፋሽ ይወስዳል። ቅጂው አሮጌ ስለሆነ ከኋላው የሬዲዮ «ሽሽሽ» አለ፤ ቀን ላይ ያበሳጫል፣ ማታ ግን እንደ ዝናብ ነው። ታሪኩ ከማንኩሳ ነው የሚጀምረው፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ። ማንኩሳን በቃሌ ልወጣው ምንም አልቀረኝም። ዲማ ጊዮርጊስ ስደርስ ግን ነቅቼ የማውቀው ከስንት አንዴ ነው። ወደ መጨረሻው አካባቢ ያሉትን ክፍሎች ግን ለማታ አታስቀምጧቸው፣ እዚያ እንባ እንጂ እንቅልፍ የለም።

ትረካ የማይሆንላችሁ ከሆነ ረጅም፣ የማይቸኩል ቃለ መጠይቅ ፈልጉ። ሸገር 102.1 ላይ መዓዛ ብሩ የምታዘጋጀው «የጨዋታ እንግዳ» ለዚህ የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ። እንግዳው የት ተወለድክ ተብሎ ይጠየቃል፣ ከዚያ ስለ አባቱ ያወራል፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ቄስ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ አንድ ኃይለኛ አስተማሪ። ማንም ማንንም አያቋርጥም። ለማታ የምመርጠው ዕድሜ የጠገቡ እንግዶች ያሉበትን የድሮውን ነው፣ በተለይ ስለ ልጅነታቸው የሚያወሩበትን የመጀመሪያውን ክፍል፤ ወደ ፖለቲካው ዘመን ሲገቡ ጆሮዬ ይቆማል። አጭር ነገር ከፈለጋችሁ እዚያው ሸገር ላይ «ሸገር ሼልፍ» አለ፣ ትረካ ነው፣ ባንድ ተቀምጦ የሚያልቅም አለው።

ንባብ የሚያሳርፋቸውም አሉ። መዝሙረ ዳዊት በዝግታ ሲነበብ፣ ወይም ቁርአን በጥሩ ድምፅ ሲቀራ፣ ብዙ ቤት ውስጥ የሌሊቱ ድምፅ ይሄ ነው። ስብከት ግን ሌላ ነገር ነው። ሰባኪው የቆመው ጉባኤ ፊት ነው፣ ኋላ የተቀመጠውን ሰው ለመቀስቀስ ነው የሚናገረው፣ እናንተንም ይቀሰቅሳችኋል።

እንግሊዝኛ የማያስቸግራችሁ ከሆነ በዓለም ላይ ለእንቅልፍ ብቻ ተብለው የሚሠሩ ፖድካስቶች አሉ። «ናቲንግ መች ሀፕንስ» የሚባለውን ካትሪን ኒኮላይ ነች የምታዘጋጀው፣ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ። ስሙ እንደሚለው ምንም አይፈጠርም፤ ሰውዬው ዳቦ ቤት ይሄዳል፣ ሻይ ያፈላል፣ በቃ። ታሪኩን ሁለት ጊዜ ነው የምታነበው፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀስ አድርጋ። «ስሊፕ ዊዝ ሚ» ደግሞ አለ (ርዕሱን አይታችሁ አትደንግጡ፣ ባለትዳሮች ግን ስልካችሁ ላይ ሲታይ ማስረዳት ሊኖርባችሁ ይችላል)፤ ድሩ አከርማን የሚባል ሰው ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሆን ብሎ አሰልቺ፣ መጀመሪያና መጨረሻው የማይያዝ ወሬ ያወራል፣ መከታተል እንደሌለባችሁም ራሱ ይነግራችኋል። እኔን አልያዘኝም። ከሁሉም የገረመኝ የቢቢሲ ሬዲዮ 4 የመርከበኞች የአየር ትንበያ ነው። በብሪታንያ ዙሪያ ያለውን ባሕር በየክፍሉ እየጠሩ ነፋሱን ይናገራሉ፦ ቫይኪንግ፣ ፎርቲስ፣ ክሮማርቲ፣ ፎርዝ፣ ታይን፣ ዶገር... ባሕር በማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ጆሮ ሲገባ እንደ ውዳሴ ነው የሚሰማው። እንግሊዞቹ ራሳቸው እሱን እየሰሙ ይተኛሉ።

ቀኑን ሙሉ በባዕድ ቋንቋ የሠራ ሰው ግን፣ በተለይ ዲሲም ዱባይም ቴል አቪቭም ያላችሁ፣ ማታ ወደ አማርኛው ተመለሱ። በሁለተኛ ቋንቋ ስንሰማ ጭንቅላታችን ሳናውቀው የበለጠ ይለፋል፣ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

የማታ ጠላቶችን ቶሎ ልዘርዝራቸው። ዜና፣ የትኛውም ዜና፣ የትኛውም ጣቢያ። የወንጀል ታሪክ። «በ30 ዓመትህ ሚሊየነር ካልሆንክ» የሚሉት፣ ምክንያቱም ተኝተህ እያለ ሌላው እየሠራ ነው ብለው ይነግሩሃልና እንዴት ትተኛለህ። አራት ጓደኛሞች ስቱዲዮ ተቀምጠው ባንዴ የሚስቁበት። ተከታታይ ድራማም እንደዚያው፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» በሬዲዮ ሲተላለፍ የሰማ ሰው ያውቀዋል፣ ክፍሉ የሚቆመው ልብ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ነው፣ የተሠራው እንድትጠብቁ ነው።

አዲስ ነገር ስታገኙ መጀመሪያ ቀን ሞክሩት። ዕቃ እያጠባችሁ 10 ደቂቃ ስሙት፣ ግን ከመግቢያው ሳይሆን ከመሀሉ፣ መግቢያው ላይ ሁሉም ጨዋ ነው። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ድምፁ ባንዴ ከፍ የሚልበት ቦታ አለ ወይ? ማስታወቂያ ሲገባ ይጮሃል ወይ? በየአምስት ደቂቃው ከበሮ ይመታል ወይ? ካለ ለቀን ይሁን።

አሁን ወደ ስልኩ። ማታ የሚያዳምጥ ሰው ትልቁ ስህተት ዩቲዩብን ከፍቶ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ መተኛት ነው። ካልከፈላችሁበት ስክሪኑ ሲጠፋ ድምፁም ይጠፋል፣ ስለዚህ ስክሪኑ ሌሊቱን ሲበራ ያድራል፣ ቪዲዮውም ዳታችሁን ሲበላ። በዚያ ላይ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ራሱ ያስቀጥላል። ድምፁን ብቻ ማውረድ የተሻለ ነው፤ በተለመደው በ128 ኪሎቢት ጥራት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ 58 ሜጋባይት ነው፣ በ64 ከሆነ ግማሹ። ቀን ዋይፋይ ስታገኙ የሳምንቱን አውርዱና ማታ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት። እንዲያውም የማታ ዋና ጥቅሙ ይሄ ሳይሆን አይቀርም፣ ኢንተርኔት የለም፣ የምትነካኩት ነገር የለም።

ፖድካስቱ በራሱ እንዲቆም ማድረግ ደግሞ ግዴታ ነው። ስፖቲፋይም አፕል ፖድካስትም ፖኬት ካስትስም ስሊፕ ታይመር አላቸው፣ ማጫወቻው ገጽ ላይ ፈልጉት። አንድሮይድ ለያዛችሁ አንቴናፖድ የሚባለውን እመክራለሁ፣ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ታይመሩ ሊያልቅ ሲል ስልኩን ወዝወዝ ብታደርጉት እንደገና ይጀምራል። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለው፦ ስልካችሁ ላይ ያለ ፎልደርን እንደ ፖድካስት ይቀበላል። ከቴሌግራም ያወረዳችኋቸውን ትረካዎች አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስባችሁ ብትሰጡት በክፍል ደርድሮ፣ የት እንዳቆማችሁም አስታውሶ ይይዝላችኋል። አይፎን ላይ ደግሞ የትኛውም አፕ ይሁን የሚሠራ ዘዴ አለ። ሰዓቱን ክፈቱ፣ ታይመር ውስጥ ግቡ፣ የደወል ድምፅ የሚመረጥበትን ዝርዝር እስከ ታች ውረዱ፣ «ስቶፕ ፕሌይንግ» የሚል አለ፣ እሱን ምረጡ። 30 ደቂቃው ሲሞላ አይደውልም፣ ድምፁን ብቻ ይዘጋል።

ፍጥነቱንም ነካ አድርጉት። ቀን ቀን በ1.5 የሚሰማ ሰው ማታ ያንኑ ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ለምን አልተኛሁም ይላል። ወደ 1 መልሱት፣ ተናጋሪው ፈጣን ከሆነ 0.9። ዝምታን የሚቆርጠውን ቅንብርም አጥፉት፤ ማታ ዝምታው ነው የሚፈለገው።

ድምፁ ዝቅ ይበል፣ ቃሉን ለመያዝ ትንሽ ጆሮ እስክታቀኑ ድረስ። በጎናችሁ የምትተኙ ከሆነ ኤርፎን በአንድ ጆሮ ብቻ አድርጉ፣ ትራሱ በማይነካው በኩል፤ ገመድ ያለው ከሆነ ደግሞ አንገታችሁ ላይ አይጠምጠም። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ትራስ ሥር መክተትም ይቅር፣ ይግላል።

ስፒከር ይሻለኛል የምትሉ ከእኔ ተማሩ። ከመርካቶ አንድ ትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር ገዛሁ፣ ርካሽ፣ ድምፁ ግን ጥሩ። የመጀመሪያው ማታ ሁሉም ነገር አምሮ ነበር፦ መብራት ጠፍቷል፣ ታይመር ሞልቻለሁ፣ ወጋየሁ በቀስታ ያወራል፣ ተኛሁ። ሌሊት ላይ የስልኬ ባትሪ አለቀና ግንኙነቱ ተቋረጠ። ስፒከሩ ባለ በሌለ ኃይሉ በሴት ድምፅ «ዘ ብሉቱዝ ዲቫይስ ኢዝ ሬዲ ቱ ፔር!» አለ። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣ ከሳሎን እህቴ «ማነው?» ብላ መብራት አበራች። እና ስፒከር ከገዛችሁ ቀን ላይ አጥፍታችሁ አብርታችሁ ምን እንደሚል ስሙት። ገመድ የሚቀበል ከሆነ በገመድ ይሁን።

ታይመሩ አልቆ ገና ካልተኛችሁ አንዴ ጨምሩ፣ 15 ደቂቃ። ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ ችግሩ ፖድካስቱ አይደለም፣ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ቡና ሊሆን ይችላል።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከነቃችሁ ደግሞ አዲስ ነገር አትፈልጉ፣ ስክሪኑንም አትዩት። ኤርፎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ አንዴ ተጫኑት፣ ካቆመበት ይቀጥላል። የት እንደደረሰ፣ ማን ምን እንዳለ አይገባችሁም። አይግባችሁ።