«ፕሮብ» የተሰኘውን የእንግሊዝኛ ቃል ሲተረጉሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ዜና የሚተረጉም ሰው «ፕሮብ» የሚለውን አጭር ቃል ደጋግሞ ያገኘዋል። ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ቃሉን የጥፋት ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ ነው። በአንድ ባለሥልጣን ላይ «ፕሮብ» ተከፈተ ከተባለ ምርመራ ተጀመረ ማለት ብቻ ነው፤ ሰውየው ሊከሰስም ላይከሰስም ይችላል። ይህንን «ሙስና ተገኘበት» ብሎ መተርጎም ያልተፈረደበትን ሰው ስም ማጉደፍ በመሆኑ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

የቃሉ ታሪክም ይህንኑ ይደግፋል። ሥሩ የላቲኑ «ፕሮባሬ» ሲሆን፣ መፈተንንም ፈትኖ መልካም ነው ብሎ መቀበልንም ይገልጽ ነበር። ከዚሁ ሥር የበቀሉት «ፕሩቭ» እና «ፕሩፍ» ወደ ማረጋገጥ ሲያደሉ፣ «ፕሮብ» ግን መፈተኑ ላይ ጸንቶ ቀረ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ የገባው በሐኪም መሣሪያ ስምነት ነው፤ መሣሪያው ጫፉ የደነዘ ቀጭን ዘንግ ሲሆን፣ ሐኪሙ ወደ ቁስሉ አስገብቶ ጥልቀቱን ያውቅበት፣ በውስጡ የቀረ ባዕድ ነገር ካለም ይፈልግበት ነበር። ይዳስሳል እንጂ አይቆርጥም። በጋዜጦች ላይ የምርመራ መጠሪያ የሆነው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው።

ቃሉን ከ«ፕሮብለም» ጋር ማዛመድም ስህተት ነው፤ «ፕሮብለም» ወደ ፊት መወርወርን ከሚያመለክት የግሪክ ግስ የመጣ ስለሆነ ከድምፅ መመሳሰል በቀር ዝምድና የላቸውም።

በዜና ርእስ ላይ «ፖሊስ ፕሮብ» የሚል ሐረግ ሲገኝ ደግሞ ዝርዝሩን ሳያነቡ መተርጎም አደገኛ ነው፤ ፖሊስ የሚያካሂደው ምርመራ ወይም በራሱ በፖሊስ ላይ የሚካሄድ ምርመራ ሊሆን ይችላልና። ቃሉ በርእሶች የበዛው አጭር ሆኖ ጠባብ ቦታ ስለሚበቃው ነው፤ በእንግሊዝኛ ለሚጻፍ ይፋዊ ደብዳቤ ግን «ኢንቬስቲጌሽን» ወይም «ኢንኳየሪ» የተሻለ ይስማማል።

አማርኛችን ለፖሊስም ለሐኪምም «ምርመራ» ስለሚል ተርጓሚው እስከዚህ ድረስ ብዙ አይቸገርም። የሚቸገረው ጠፈር ላይ ሲደርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የመጠቀችው «ፓርከር ሶላር ፕሮብ» ሰው አልባ መንኩራኩር ስለሆነች፣ «የፓርከር የፀሐይ ምርመራ» ከማለት ይልቅ «ፀሐይን የምታጠናው ፓርከር መንኩራኩር» ቢባል አንባቢ ወዲያው ይረዳል።