የበረዶ ሐይቅ ጎርፍ፦ ፈተና ሳርም የማገኛቸው ስህተቶች

ሰኔ ላይ ጅማ ዝናቧን ከለቀቀችው ከቤት መውጣት የለም። እኔም ቡናዬን ይዤ የጂኦግራፊ ፈተና ሳርም ዋልኩ። ጥያቄው «የበረዶ ግግር ሐይቆች ግድብ እንዴት ይፈርሳል?» ይላል። የበረዶ ግግር ተራራ ላይ ለረጅም ዘመን የተከማቸ ወፍራም በረዶ ነው፤ ሲቀልጥ ውሃው ተጠራቅሞ ሐይቅ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ተማሪዎች ጎርፉን ጽፈው ሐይቁን የያዘውን ግድብ ረሱት።

አንዳንዶቹ ግድቡን እንደ ግልገል ጊቤ ያስቡታል። እዚያ መሐንዲስ የለም። የበረዶ ግግሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ትቶት የሄደው የድንጋይና የአፈር ክምር ነው፤ ሞሬን ይባላል። ማንም አልጠቀጠቀውም። ውስጡ የተቀበረ በረዶም ሊኖር ይችላል፤ እሱ ሲቀልጥ ክምሩ ይሰምጣል፣ ይላላል።

ዋናው ስህተት ግን ይህ ነው፦ «በረዶው ቀለጠ፣ ሐይቁ ሞላ፣ ግድቡ ፈነዳ።» መቅለጡ ሐይቁን ያሳድገዋል። ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚጀምረው ግን ከላይ የሚወድቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ኔፓል ውስጥ ዲግ ጾ ሐይቅ ላይ የበረዶ ናዳ ወደቀ። ማዕበሉ በግድቡ አናት ላይ ፈሰሰ፣ ግድቡም ተበላ። ጎርፉ ሊጠናቀቅ የተቃረበ የኃይል ማመንጫ ይዞ ሄደ።

በአናት ላይ መፍሰስ እንዴት ያፈርሳል? ደጃችን ላይ ልጆች ቦዩን በጭቃ ሲገድቡ እዩ። ውሃው ከጭቃው በታች እስካለ ድረስ ሰላም ነው። አንዴ ክር የምታክል ውሃ በላዩ ካለፈች አለቀ። ትንሽ ጭቃ ትወስዳለች፣ መንገዷ ይጠልቃል፣ ብዙ ውሃ ይከተላል፣ እሱም ብዙ ጭቃ ይወስዳል። ልጁ እፍኝ ጭቃ ዘግኖ እስኪመለስ ግድብ የሚባል ነገር የለም።

በረዶው ራሱ ግድብ ከሆነ ደግሞ «ተሰበረ» ለማለት አትቸኩሉ። በረዶ ብርጭቆ ውስጥም ይንሳፈፋል አይደል? የውሃው ጥልቀት የበረዶውን ውፍረት 90 በመቶ ገደማ ሲደርስ ግግሩን ማንሳት ይጀምራል። ውሃው በስር ይሾልካል፤ እየፈሰሰም በረዶውን እያቀለጠ ዋሻውን ያሰፋዋል። ሐይቁ ሲጎድል በረዶው ተመልሶ ይተኛና ዋሻው ይዘጋል። ስለዚህ ያው ሐይቅ ደጋግሞ ጎርፍ ሊልክ ይችላል።

«ውሃ መጣ» ብቻም አይበቃም፤ ቋጥኝና ጭቃ አብሮ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሕንድ፣ ሲኪም ውስጥ ከደቡብ ሎናክ ሐይቅ የወጣው ጎርፍ ብዙ ኪሎ ሜትር ወርዶ የቲስታ 3 የኃይል ማመንጫን ግድብ ጠራርጎታል።

አንዱ ተማሪ ምሳሌውን ባሌ ተራሮች ላይ አደረገው። ዛሬ እዚያ የበረዶ ግግር የለም። የጥንቱ ግግር የተወው ሞሬን ግን ስላለ ግማሽ ማርክ ሰጠሁት።